የአያ አዘዘ መሐላና የውርጭ ቫልቭ

ለእሑድ ማለዳ ተቀጥሮ ነበር። አያ አዘዘ ደጀ ሰላም ቆሞ፣ በመምሬ ኃይለ ጊዮርጊስ ፊት፣ «የይመኙሽን ቫልቭ አልነካሁም» ብሎ ሊምል ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ሳምንቱን ሙሉ እህል ባልቀመሰ። አያ አዘዘ ግን፣ እናንተዬ፣ ለሠርግ የተጠራ ይመስል ነጠላውን አሳጥቦ ይጠብቃል። ምን ያስፈራዋል? አልነካማ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ይመኙሽ ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ዳባት በሚወስደው አስፋልት ዳር ላቫጆ አላት። ከደባርቅ የሚወርደው አይሱዙ፣ ከጎንደር የሚወጣው ሚኒባስ፣ ጭቃውን የሚያራግፈው እሷ ዘንድ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ያቆመችው ሥራ ነው። ሮቶው ከፍ ባለ የብረት ቆጥ ላይ ተቀምጧል፤ ከሮቶው ቧንቧ ወደ ፓምፑ ይወርዳል፤ ፓምፑ ደግሞ ውኃውን ገፍቶ በጎማ ቱቦ ይተፋዋል። ክረምቱንና መስከረምን ሸጋ ይሠራል። ኅዳር ሲገባ ግን የወገራ ውርጭ አለ። የወገራን ውርጭ ያልቀመሰ ሰው ብርድ አውቃለሁ አይበል። ማለዳ ሣሩ ነጭ ነው፤ በባልዲ ያደረ ውኃ ላዩ ይጠጥራል። ፓምፕ ውስጥ ያደረ ውኃ ደግሞ ሲረጋ ያብጥና ብረቱን ይሰነጥቀዋል። አምና አንድ ፓምፕ በዚሁ ሄዷል።

ዘንድሮ ይመኙሽ ቀደም ብላ አሰበችበት። አንድ ቴክኒሻን አስመጥታ ሶሌኖይድ የሚሉትን፣ በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ አስገጠመች። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ የሚሄድ ውኃ አይረጋም። ብርዱ ሲጠና ከግድግዳው የተለጠፈ የብርድ መለኪያ ቫልቩን ያስከፍተዋል፤ ውኃው ከሮቶው በፓምፑ ውስጥ አልፎ እስኪነጋ ድረስ ቀስ እያለ ወደ ቦዩ ይንቆረቆራል። ሰውዬው በጠራራ ፀሐይ ከሆቴል ፍሪጅ በረዶ አስመጥቶ መለኪያው ላይ አስጠጋ። ቫልቩ ቀጭ አለ፣ ውኃው ወረደ፣ የቆመው ሁሉ አጨበጨበ። የላቫጆው ዘበኛ አያ አዘዘ ብቻ፣ አፉ አያርፍ፣ «ይኼ ውኃ እኮ የጎጆዬ ደጃፍ ላይ ሊረጋ ነው፤ ተንሸራትቼ እንድሰበር ነው?» አለ። ያቺ ቃል ናት ጉድ ያመጣችበት።

የኅዳር ሚካኤል ማግሥት ይመኙሽ ማለዳ መጥታ ስትከፍት ፓምፑ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ቦዩ ደረቅ ነው፤ ሌሊቱን አንዲት ጠብታ አልወረደበትም። ፓምፑን አየች፣ ቦዩን አየች፣ ከዚያ ዘበኛዋን አየች።

«አያ አዘዘ፣ ምነው? ምነው እንዲህ ያደርጉኛል?»

«እኔ ደግሞ ምን አደረግሁ?»

«ውኃው ደጃፌ ይረጋል ብለው ዘግተውታል!»

«አልነካሁም! ጊዮርጊስን! አልነካሁም!»

«ስሙን በከንቱ አይጥሩት። እውነት ከሆነ ደጁ ቆመው ይማሉ» አለችና እንባዋ መጣ። ሁለተኛ ፓምፕ ነው፤ ሰው በቁጣ የሚናገረው ሁሉ ከልቡ አይደለም፤ ግን ተናገረች፤ ሰውም ሰማ።

በእኛ አገር ደጀ ሰላም መማል የዋዛ ነገር አይደለም። በሐሰት የማለ ሰው ዳፋው ለልጅ ልጁ ይተርፋል ይባላል። ስለዚህም ነው ማንም ዝም ብሎ ሄዶ የማይምለው። በእውነት የማለ ደግሞ ነጻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አፉን የሚከፍትበት የለም። አያ አዘዘም «እምላለሁ፤ ነገ ዛሬ ሳይባል» አለ። መምሬ ኃይለ ጊዮርጊስ ግን ነገር ሲበርድ ይሻላል ብለው ቀኑን ወደ ኋላ ገፉት፤ ለኅዳር የመጨረሻ እሑድ ቀጠሩት።

እስከዚያው ግን ኑሮ ኑሮ አልሆነለትም። ሻይ ቤት ሲገባ ወሬው ቀጥ ይላል። ሰላምታው እንኳ ቀዘቀዘ። ስድሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ እዚህ ሳይቀጠር ዐሥራ ሁለት ዓመት ወፍጮ ቤት ሲጠብቅ አንድ እፍኝ ዱቄት ጎደለ ተብሎ አያውቅም። አሁን በስተርጅና፣ የመበለት ፓምፕ የሰበረ! ይኼ ነው አንጀቱን ያቃጠለው። ሥራውን ብታስለቅቀው እንኳ ግድ አልነበረውም፤ ስሙን ይዞ መሄድ ነው የፈለገው።

ሚስቱ ካሰች ደግሞ አለችለት። «አንተ ሰውዬ፣ እርግጠኛ ነህ? በእንቅልፍ ልብህ ነክተኸው ቢሆንስ?»

«እንኳን በእንቅልፍ ልቤ፣ በውኔስ ቢሆን መዝጊያው የት እንዳለ መች አውቃለሁ?»

«እንግዲያው ማል፤ ማልና ተገላገል።»

ቅዳሜ፣ ለመሐላው አንድ ቀን ሲቀረው፣ ምስጢር የምትባል ሴት ከጎንደር አራዳ መጣች። ይመኙሽ ሦስተኛውን ፓምፕ ገዝታ በካርቶኑ አስቀምጣዋለች፤ ነገሩ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ እንዳይገጠም ብላ ነው ሌላ ባለሙያ የጠራችው። አያ አዘዘ በሩን ከፈተና ከልጅቷ ጀርባ አሻግሮ ተመለከተ።

«ሠሪው የታለ?»

«ፊትዎ ቆሜያለሁ።»

«አንቺ?»

«እኔ። ወንድ ቢሆን ብርዱ ይፈራው ነበር?» ብላ ቦርሳዋን አስቀመጠችና ሥራዋን ጀመረች።

አያ አዘዘ ወዲያው ወደዳት። በየት በኩል እንደምትነካካ ቆሞ ያያል። መጀመሪያ በኤሌክትሪክ መለኪያ የቫልቩን ጥቅል ሽቦ ለካች፤ አልተቃጠለም። ኤሌክትሪክ ሰጥታው የጠመንጃ መፍቻዋን ጫፍ አናቱ ላይ ስታስጠጋ ብረቱን ሳብ አደረገው፤ ማግኔቱም ይሠራል። ፈታችው፤ ውስጡ አሸዋ አልገባበትም፣ የጎማ ክዳኑ አልተቀደደም፣ ፒስተኑ ሽቅብ ቁልቁል ይላል። መልሳ ገጠመችው። በረዶ አስመጥታ መለኪያው ላይ አደረገች። ቀጭ! ውኃው ወደ ቦዩ ወረደ። ደግማ አደረገችው፤ ቀጭ! ሠለሰች፤ ቀጭ!

«ቫልቩ ደኅና ነው» አለች ምስጢር፣ ደስ ሳይላት።

እነሆ ጉድ! አያ አዘዘ ጉድለቱ ከብረቱ ይገኛል ብሎ ሲጠብቅ፣ ብረቱ ንጹሕ ሆኖ አረፈው። ብረቱ ንጹሕ ከሆነ ጥፋተኛው ማን ሊሆን ነው? ይመኙሽ ቀና ብላ አየችው። ነጠላዋን አጣፋችና «ለምሳችሁ የሚሆን ልላክ» ብላ ወጣች።

የተላከው የወገራ ድንች ነው፤ ተቀቅሎ፣ ትኩሱን፣ ከአዋዜ ጋር። ጾም ገብቷል። ሁለቱ ከጎጆው ደጃፍ ፀሐይ እየሞቁ ተቀመጡ። ምስጢር ድንቹን እየላጠች ለራሷ ታወራለች።

«አልገባኝም። ቀን ይሠራል። ሌሊት አይሠራም። ብርድ ሲመጣ ኤሌክትሪክ ያገኛል፤ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ይከፈታል። ኤሌክትሪክ ካጣ ይዘጋል። ሌላ ዐመል የለውም።»

አያ አዘዘ ከድንቹ ቀና አለ።

«ምን አልሽ?»

«ኤሌክትሪክ ካጣ ይዘጋል። ስፕሪንግ ነው የሚዘጋው። ምነው?»

«ምንም። እንዲያው።» ውኃ ጠጣ።

ወፍጮ ቤት ሳለ ነው የጀመረው። አንድ ሌሊት መብራት ሄዶ ሲመለስ እንደ ደራሽ ጎርፍ መጣና የወፍጮውን ዲናሞ ቀቀለው። ከዚያ ወዲህ ባለወፍጮው «አዘዘ፣ ሳትነቅል እንዳትተኛ» አለው። ዐሥራ ሁለት ዓመት ማታ ማታ ነቀለ። በአምባ ጊዮርጊስ ሱቁን የሚዘጋ ሁሉ እንዲሁ ያደርጋል፤ መብራት አምኖ ማሽን ይዞ የሚተኛ የለም። እዚህም ሲቀጠር ማንም ሳይነግረው፣ ይመኙሽ ከሄደች በኋላ የማሽኑን መብራት ማቋረጫ፣ ብሬከሩን፣ ቁልቁል ያወርዳል፤ ማለዳ ሳትመጣ ሽቅብ ይመልሰዋል። የአጥሩ አምፖል በሌላ መስመር ነውና ይበራል፤ የሚያውቅ የለም። ከነገር ቆጥሮትም አያውቅ። በር እንደ መዝጋት፣ እንደ ማማተብ ያለ ነገር ነው። ማሽኑን ከእሳት አድናለሁ ሲል ለውርጭ ሲሰጠው ከርሟል!

ከዚህ በኋላ የሆነውን አያ አዘዘ ራሱ ነው ኋላ የተናገረው፤ አላጋነንኩም። አእምሮው ወዲያው ተንኮል ፈለገ። «ቫልቩን አልነካሁም» ነው የምትምለው አለው። አልነካህም፤ እውነት ነው። ብሬከሩን ማን ጠየቀህ? ዛሬ ማታ አትንቀለው፤ ነገር በዚሁ ይዳፈናል፤ ነገ ትምላለህ፤ ሰው ሰላም ይልሃል። ደግሞም እውነት እኮ ነው! አንዲት ድንች ልጦ እስኪጨርስ ድረስ በዚህ ሐሳብ ተጽናና። ሁለተኛዋን ሲያነሣ ግን ደጀ ሰላሙ ታየው። እዚያ የሚቆመው ጠበቃ ይዞ አይደለም። ድንቹን መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠ።

«ልጄ፣ ይመኙሽን ጥሪልኝ።»

መጣች። አያ አዘዘ ተነሥቶ ቆመ፤ ቆቡን አወለቀ። ተጠግቶ፣ ቀስ ብሎ፣ «እኔ ነኝ» አላት።

«ምኑን?»

«የሰበርኩት። ማታ ማታ ብሬከሩን እነቅላለሁ። መብራት ሄዶ ሲመጣ እንዳያቃጥልብሽ ብዬ ነው። ቫልቩ ለካ ያለ መብራት አይከፈትም። አላወቅሁም፤ ማርያምን አላወቅሁም። አሁን ይቺ ልጅ ስታወራ ነው የገባኝ።»

ምስጢር ብድግ አለችና በሁለት እጇ አጨበጨበች። «እሰይ! እሰይ አያ አዘዘ! እኔ እኮ ላብድ ነበር!» ሮጣ ሄዳ ብሬከሩን ቁልቁል አወረደችው፤ በረዶውን መለኪያው ላይ አደረገች። ዝም። ቀጭ የለ፣ ውኃ የለ። በቃ፣ የኅዳር ሚካኤል ሌሊት ይኸው ነው።

ይመኙሽ ግን አላጨበጨበችም። «ምነው ሳይነግሩኝ?» አለች ዝግ ብላ።

«መች ጠየቅሽኝ? ዘጉት ነው ያልሽኝ። አልዘጋሁም አልኩሽ።»

ይመኙሽ አሁን ገና ገባት። ሥራዋን የሚጠብቅላት ሰው ሥራዋን ሲጠብቅላት ኖሯል። ሳትጠይቀው ፈርዳበታለች። ወደ ፓምፑ ዞር ብላ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና፣ «እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ አይንቀሉት፤ አለቀ» አለች።

«አላለቀም» አለች ምስጢር። «እሳቸው ባይነቅሉትስ? መብራቱ ራሱ አይሄድም? ውርጭ ደግሞ መብራት እስኪመጣ አይጠብቅም። እሳቸው ልክ ናቸው፤ ማሽን ነቅሎ ማደር ሸጋ ልማድ ነው። ጥፋቱ ምርጫው ላይ ነው፤ እዚህ የሚያስፈልገው መብራት ሲያጣ የሚዘጋ ሳይሆን መብራት ሲያጣ የሚከፈት ነው።»

አያ አዘዘ «ልክ ናቸው» የምትለዋን ቃል ሲሰማ ቁጭ አለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ያለው ሰው አልነበረም።

ምስጢር ከቦርሳዋ ሁለት ቫልቭ አወጣች። ሁለቱም መብራት ሲያጡ የሚከፈቱ ናቸው፤ አካላቸው ናስ ነው፤ ላያቸው ሲታይ መንትያ ናቸው። አንዱን ለአያ አዘዘ ሰጠችው።

«ይንፉበት።»

«ምኑን?»

«በአፍዎ። እንደ ዋሽንት።»

ነፋ። ጉንጩ ተነፋ፣ ዓይኑ ፈጠጠ፣ አላልፍ አለው። ካሰች ብታየው ዓመት ሙሉ ትስቅበት ነበር። ሁለተኛውን ሰጠችው። ፉውው! ትንፋሹ በሌላው በኩል ወጣ።

«ያኛው ክዳኑን የሚያነሣለት የውኃ ግፊት ይፈልጋል» አለች። «ከዋናው መስመር ግፊት ያለው ውኃ ቢመጣ ይሠራል። የእናንተ ሮቶ ግን ከዚች ቆጥ ላይ ሆኖ ምን ግፊት አለው? በትንፋሽ ካላለፈ በሮቶም አያልፍ። ይኼኛው ስፕሪንጉ ራሱ ይከፍተዋል፤ የማንንም ግፊት አይለምንም። ቀን ቀን መብራት እየበላ ተዘግቶ ስለሚውል ደግሞ ሽቦው ሙቀት የሚችል መሆን አለበት፤ ይኼ ይችላል።»

«እንግዲህ የኔ እስትንፋስ መረጠችው በሉኛ!» አለ አያ አዘዘ። ሦስቱም ሳቁ። ይመኙሽም ሳቀች፣ ሳቋ መሐል ላይ እንባ ቢኖርበትም።

ከሰዓት በኋላውን ተሠራ። አዲሱ ፓምፕ ከካርቶኑ ወጥቶ ተገጠመ። የብርድ መለኪያው ሽቦ ተገለበጠ፤ ሙቀት ሲሆን መብራት ሰጥቶ ይዘጋል፣ ብርድ ሲሆን መብራቱን ነሥቶ ይከፍታል። የሮቶው ደለል ቀዳዳውን እንዳይደፍነው ከፊቱ ማጥለያ ገባበት። ለአያ አዘዘ ደጃፍም አልተረሳለትም፤ ውኃው በጎማ ወደ ማዶ ቦይ እንዲወርድ ተደረገ። ሲጠናቀቅ ምስጢር እጇን እየጠረገች፣ «በሉ አያ አዘዘ፣ እንደ ልማድዎ ይንቀሉ» አለችው።

እጁን ወደ ብሬከሩ ሰደደ። ያን ሁሉ ዓመት ሳያስበው ያደረገውን ነገር፣ እንደ አዲስ ሰው እየፈራ አወረደው። ውኃው በቀስታ ተንቆረቆረ።

እሑድ ማለዳ ሜዳው በሙሉ አመዳይ ለብሶ ነበር። አያ አዘዘ ከጎጆው ሲወጣ ሣሩ ከእግሩ ሥር ተንኮሻኮሸ፤ ባልዲው ውስጥ ያለው ውኃ በረዶ ሠርቷል። ጆሮውን ሰጠ። ማዶ ቦዩ ውስጥ ውኃው ይወርዳል። ይመኙሽ ለቤተ ክርስቲያን ለብሳ፣ ገና ሳይጠራት፣ በሩን አልፋ ገባች፤ እንቅልፍ እንዳልወሰዳት ዓይኗ ይናገራል። ብሬከሩን መለሱት። ፓምፑን አስነሣችው። አጓራ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ቱቦው አፍ ላይ ውኃው ነጭ ሆኖ ተወረወረ። አያ አዘዘ «ተመስገን! ተመስገን አምላኬ!» እያለ ግንባሩን ፓምፑ ላይ ደፋ። ብረቱ እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ነበር፤ ግድ አልሰጠውም።

«በሉ ተነሡ፣ ቤተ ክርስቲያን እንድረስ» አለችው።

ደጀ ሰላም ሲደርሱ መምሬ ኃይለ ጊዮርጊስ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ አጠገባቸው መሐላውን ሊሰሙ የመጡ ሦስት ሽማግሌዎች አሉ። ሻይ ቤት ወሬውን የሚያቋርጡት እነሱው ናቸው። አያ አዘዘ ወደ ፊት ሊራመድ ሲል ይመኙሽ ቀደመችው። ጎንበስ ብላ ከቅጥሩ ሥር አንድ ድንጋይ አነሣች።

«አባቴ፣ የሚምል የለም። ይቅርታ ጠያቂዋ እኔ ነኝ። አያ አዘዘ ንብረቴን ሲጠብቁልኝ ሳልጠይቅ ስማቸውን አጠፋሁ» ብላ ድንጋዩን ወደ ማጅራቷ አነሣች።

አያ አዘዘ ድንጋዩ ከትከሻዋ ሳይደርስ ቀማት። «ተይ! ተይ ልጄ! እግዚአብሔር ይፍታሽ፣ ፈትቼሻለሁ!» አለና ወዲያ ወረወረው። ከዚያ ያ ስድሳ ሁለት ዓመት የኖረ ሰው እንደ ልጅ አለቀሰ። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ እየመጡ ትከሻውን ሳሙት።

መምሬ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስነገሩት። ብሬከሩን፣ ቫልቩን፣ ድንቹን ሳይቀር። ሲጨርስ መስቀሉን አሳለሙትና ጠየቁት።

«ያቺ ልጅ አንድ ቀን ዘግይታ ብትመጣ ኖሮ ምን ብለህ ልትምል ነበር?»

«ቫልቩን አልነካሁም፣ እጄም የለበትም ልል ነበር፣ አባቴ። በሙሉ ልቤ ነበር የምለው። ቅንጣት ሳልፈራ።»

መምሬ ኃይለ ጊዮርጊስ ሠላሳ ዓመት ሰው ያስማሉበትን ደጅ ዞር ብለው አዩት።

«እኔስ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እስከ ዛሬ ስንቱን እንዲህ በሙሉ ልቡ አስምዬው ይሆን?»

ደወሉ ተደወለ፤ ሁሉም ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ቅዳሴው ገባ።